ኮፈን ውስጥ የቀረችው ልብስ ቆራጭ

ልብስ ቆራጯ አባቷ ቤት የመጣችው ለሁለት ሳምንት ነበር። እናቷ በሞተች በወሩ አንዲት ትንሽ ሻንጣ አንጠልጥላ «እስኪለምዱት ድረስ» ብላ ገባች። አባቷ ብቸኝነቱን ይልመዱት አይልመዱት ሳይታወቅ ሦስት ዓመት አለፈ። ሻንጣዋም ቁም ሣጥኑ ላይ ወጥታ አቧራ ለበሰች።

ታላቅ ወንድሟ ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው። ታናሽ እህቷ ሦስት ልጆች አሏት። ሁለቱም ሲደውሉ የሚሉት አንድ ነው፤ «አንቺ አለሽ አይደል፣ እኛን ምን ያሳስበናል።» እሷ ባሏን ከፈታች ቆይታለች፣ ልጅም የላትም፤ ስለዚህ እንደ ትርፍ ወንበር የትም ብትቀመጥ የሚከፋት አይመስላቸውም። ወንድሟ ደግሞ ቀልድ ያውቃል። ዘመድ በተሰበሰበበት «እህቴ ቆራጭ ናት እንጂ ቆራጥ አይደለችም» እያለ ያስቃል። እሷም አብራ ትስቃለች። ውሸትም አልነበረበትም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ስትቆርጥ እጇ አንድ ቀን ዝንፍ ብሎ አያውቅም፤ የራሷ ጉዳይ ሲሆን ግን መቀሱን ታነሣና መልሳ ታስቀምጠዋለች።

አባቷን የሰፈሩ ሰው «አባ ፍሬን» ይላቸዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ዶሮ ከሩቅ ባዩ ቁጥር ፍሬን እየያዙ ተሳፋሪውን እርስ በርሱ ስላላተሙት የወጣላቸው ስም ነው። ያን ሁሉ ዘመን ሞተር አጠገብ መቀመጣቸው ጆሯቸውን በላው። አሁን የሚሰሙት ጆሯቸው ሥር ተሁኖ ሲጮህባቸው ብቻ ነው። የመስሚያ መሣሪያ ተገዝቶላቸው ነበር፤ «ጥንዚዛ የገባብኝ ይመስለኛል» ብለው መሳቢያ ውስጥ ወረወሩት። በዚህ የተነሣ በዚያ ቤት ቀስ ብሎ የሚወራ ነገር የለም። «ሻይ ልቅዳልዎት?» እንኳ ፎቅ ላይ ላለችው ጎረቤት ይሰማል።

እንግዲህ የልብስ ቆራጯ ጭንቅ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ዘጠኝ ቀን በሆዷ ይዛው የዞረችው ነገር ነበራት። የስምንት ሰዓት መንገድ ርቆ ያለ የሙያ ማሠልጠኛ የልብስ ቅድ አስተማሪ እንድትሆን ጠይቋታል። «እስከ ሐሙስ፣ ቀኑ ስድስት ሰዓት ድረስ ቁርጥሽን አሳውቂን፤ ያለዚያ ለተከታይሽ እንሰጣለን» ብለዋታል። ለአባቷ መንገር ነበረባት። ግን እንዲህ ያለውን ነገር ሰው አጠገብ ተቀምጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዐይን ዐይኑን እያየ ነው የሚናገረው። ጮሆ «ትቼዎት ልሄድ ነው!» እንዴት ይባላል? ዛሬ ነገ ስትል ሐሙስ ደረሰ።

ሐሙስ ጠዋት ደግሞ የአባቷ አሮጌ መኪና ጉዳይ ነበር።

መኪናዋ ከልብስ ቆራጯ በሁለት ዓመት ብቻ ታንሳለች። ውሃ ሰማያዊ ነበረች ይላሉ፤ አሁን ቀለሟ ምን እንደሆነ ለመናገር ይቸግራል። ዝናቡ ከገባ ጀምሮ ውስጧ ገንዳ ሆኗል። ምንጣፉ ሲረገጥ ጭቅ ይላል፣ መስታወቱ ከውስጥ ያልበዋል፣ የሻጋታው ሽታ ወርደው እንኳ ልብስ ላይ ይከተላል። ልብስ ቆራጯ በሮቹ ሥር ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በሽቦ ጠርጋለች። የፊት መስታወቱን ዙሪያ በሲሊኮን ደፍናለች። አልሆነም። ረቡዕ ማታ ምንጣፉን ሁሉ አንሥታ ወለሉ ላይ ጋዜጣ አነጠፈች። ሌሊቱን ዘንቦ ሲነጋ ብታይ የፊቱ ጋዜጣ ደርቋል፣ የኋላው ግን እንደ ገንፎ ሟምቷል።

«ከኋላ ነው የሚገባው!» ብላ ጮኸች።

«ከኋላ ከሆነ» አሉ አባ ፍሬን፣ «የኋላ ኮፈኑ ውስጥ ሰው ገብቶ ማየት አለበት። የኔ ወገብ አይታጠፍም።»

እሷ ትታጠፋለች። መታጠፍ ልማዷ ነው።

አሠራሩን ተስማሙ። እሷ ባትሪ ይዛ የኋላው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ትተኛለች፣ ኮፈኑ ከላይ ይዘጋል፣ እሳቸው በውሃ ጎማ ከታች ጀምረው ቀስ እያሉ ወደ ላይ ይረጫሉ። ከላይ ከተጀመረ ውሃው ሁሉን ነገር ስለሚያርስ በየት እንደገባ አይለይም። መነጋገሪያም አበጁ። እሳቸው ባይሰሙም መዳፋቸውን ላሜራው ላይ ካስቀመጡ ንዝረቱ ይሰማቸዋል። አንድ ጊዜ ካንኳኳች «ይቀጥሉ» ነው፤ ሁለት ጊዜ ካንኳኳች «ያቁሙ»።

ስልኳን የፊት ወንበር ላይ አስቀመጠች። ሰዓቱ ከአራት ተኩል አልፏል። «ይህን ጨርሼ፣ እጄን ታጥቤ እነግራቸዋለሁ» አለች ለራሷ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ እንዲሁ የምትጨርሰው ነገር ጠፍቶባት አያውቅም።

ኮፈኑ ተዘጋ።

ጉልበቷ አገጯ ጋ ደርሷል። ትከሻዋ ሥር የክሪክ ማስቀመጫው ብረት ይቆረቁራታል። ጎማው ተከፈተና ውሃው እንደ ጠጠር ከውጭ ይወርድ ጀመር። የኋላ መብራቱን ዙሪያ አየች፤ ደረቅ ነው። አንድ አንኳኳች። የኮፈኑን ጎማ ዙሪያውን በጣቷ ዳበሰች፤ እሱም ደረቅ። አንድ አንኳኳች። ውሃው ወደ ላይ፣ ወደ ኋላ መስታወቱ ወጣ። ያኔ በግራው ጥግ፣ ከመስታወቱ ሥር፣ አንዲት ጠብታ ብቅ አለች። ጠብታዋ እዚያው አልወደቀችም። በላሜራው ጠርዝ እየተንሸራተተች አንድ ክንድ ያህል ሄዳ፣ ቀኙ ጥግ ስትደርስ ወረደች። ውሃ እንደ ሐሜት ነው፤ የሚሰማበት ቦታ ሌላ፣ የተነሣበት ሌላ። ልብስ ቆራጯ ላሜራውን በጨርቅ አድርቃ ከኪሷ የልብስ ጠመኔዋን አወጣችና ጠብታዋ የተነሣችበት ላይ መስቀለኛ ምልክት አደረገች። ደስ አላት። ሁለት ጊዜ አንኳኳች።

ውሃው ቆመ። ቁልፍ ሲገባ ሰማች። ቁልፉ ተንቀጫቀጨ፤ ከዚያ «ቀጭ» የሚል ድምፅ መጣ፤ ከዚያ ዝም።

«ተሰበረ!» አሉ አባ ፍሬን። ሰው ሁሉ እንደሳቸው የማይሰማ ስለሚመስላቸው ሲናገሩም ይጮኻሉ። «ቁልፉ ግማሹ ውስጥ ቀረ!»

«አባባ! መሳቢያው ውስጥ ሌላ አለ!»

«ኧ?»

«ሌላ ቁልፍ!»

«አንቺ አትጨነቂ፣ ሰው ጠርቼ እመጣለሁ!»

ሁለት አንኳኳች። ያቁሙ ማለቷ ነው። ደግማ አንኳኳች። መዳፋቸው ግን ላሜራው ላይ አልነበረም። የከዘራቸው ድምፅ ጠጠሩ ላይ ቃ ቃ እያለ ራቀ፣ የግቢው በር ተንቋቋ፣ ተዘጋ።

በመጀመሪያ ሳቀች። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፣ እንደ ጎመን ማዳበሪያ ተጠቅልላ ኮፈን ውስጥ ተኝታለች። ወንድሟ ይህን ቢሰማ የዓመት ቀልድ ያደርገው ነበር። ከዚያ ጎረቤቷን ተጣራች። ፎቅ ላይ ሬዲዮ ተከፍቷል፣ ከግንቡ ማዶ የጭነት መኪና ያልፋል፤ ማንም አልሰማትም። ከዚያ ባትሪው መደብዘዝ ጀመረ፤ ለመቆጠብ ብላ አጠፋችው።

ጨለማው ሲመጣ ሳቋ ሄደ። ለመገልበጥ ሞከረች፣ ክርኗ ላሜራውን መታ። እግሯን ለመዘርጋት ሞከረች፣ የሚዘረጋበት የለም። ትንፋሿ ፊቷ ላይ ተመልሶ ሲሞቃት ልቧ እንደ ስፌት መኪና መምታት ጀመረ። አየር የሚያልቅ መሰላት። «ሞኝ» አለች ለራሷ ድምፅ አውጥታ፣ «ውሃ የገባበት አየርም ይገባበታል።» እውነት ነው፤ ግን እውነት መሆኑ አላረጋጋትም። እርጥቡ ጀርባዋን ዘልቆ ወገቧ ደረሰ። ሰዓቱ ስንት እንደሆነ አታውቅም።

ያን ጊዜ ስልኳ ጮኸ።

አራት ክንድ እንኳ አይርቃትም። በጀርባዋ በኩል፣ ከወንበሩ ማዶ፣ የፊት ወንበር ላይ ሆኖ ጮኸ፣ ጮኸና ቆመ። ከማሠልጠኛው እንደሆነ አልጠፋትም፤ በዚህ ሰዓት ሌላ የሚደውልላት ሰው የለም። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ጮኸ። አሁን እሷም አብራ ጮኸች። «አለሁ! አለሁ!» አለች፣ ስልኩ እንደሚሰማት ሁሉ። መዳፏ እስኪቃጠል ላሜራውን ደበደበችው። ስልኩ ዝም ሲል እሷም ዝም አለች፤ በዚያ ዝምታ ውስጥ ግን የሚያሳፍራት አንድ ሐሳብ መጣባት። ስድስት ሰዓት እዚሁ እንደተኛሁ ቢያልፍ ይቀለኝ ነበር፣ የሚል። ማንንም እምቢ ሳትል፣ ማንንም ሳታስቀይም ነገሩ በራሱ ያልቃል። «ኮፈን ውስጥ ቀርቼ ነው» ትላለች፤ ማን ይፈርድባታል?

ይህ ሐሳብ ከጨለማው ይልቅ አስፈራት። ሦስት ዓመት ሙሉ የኖረችው እንዲህ እየተመኘች እንደነበር ገባት።

ስልኩ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጮህ እግሯን እያዞረች ነበር። በኮፈኑና በኋላ ወንበር መካከል ያለው ወፍራም ካርቶንና የወንበሩ ጀርባ ብቻ መሆኑን ታውቃለች። ብሎኖቹ ዝገው ስለተበሉ አባቷ በሽቦ አሥረውታል። ወንበሩን ያለበሰውን ጨርቅ ደግሞ በሃያ ዓመቷ ራሷ ቆርጣ የሰፋችው ነው፤ አባቷ ለእንግዳ ሁሉ «የልጄ እጅ ነው» እያሉ የሚያሳዩት። ለአፍታ አመነታች። ከዚያ ትከሻዋን ከመብራቱ ሥር ካለው ብረት ጋር አስደግፋ በሁለት እግሯ ረገጠችው። ካርቶኑ ተቀደደ። ደግማ ረገጠች። በአራተኛው ሽቦው ተበጠሰ፤ ጨርቁ ከጥግ እስከ ጥግ ሲተረተር ድምፁን ለይታ ሰማችው። ወንበሩ ወደ ፊት ወደቀ፣ ብርሃን ገባ። ፀጉሯ ላይ ስፖንጅ፣ ክንዷ ላይ ደም ይዛ ተስባ ወጣች።

ስልኩን አነሣች። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ይላል። ሦስት ያልተመለሰ ጥሪ።

አሁን መደወል ትችላለች። ማንም አይከለክላትም። አውራ ጣቷን ቁጥሩ ላይ አድርጋ እንደ ሐውልት ቀረች። የግቢው በር የተከፈተው እንዲህ ሳለች ነው።

አባቷ መካኒኩን ይዘው መጡ። እዚህ ላይ ይህ መካኒክ ማን እንደሆነ መናገር ያስፈልጋል። ከመንገዱ ማዶ ጋራዥ ያለው ሰው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሰው መሀል «ጋሼ፣ ይቺን መኪና ለቁራሌው ይስጡና ይገላገሉ» ብሎ ስለተናገረ አባ ፍሬን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታውን እንኳ አልመለሱለትም። በጋራዡ ደጅ ላለማለፍ በሌላ መንገድ ዞረው ይሄዱ ነበር። አሁን ግን አጠገቡ ይራመዳሉ፤ ይባስ ብሎ በአንድ እጃቸው ከዘራቸውን፣ በሌላው የመካኒኩን የመፍቻ ሣጥን ተሸክመዋል። መካኒኩ «ኧረ ጋሼ ይስጡኝ» እያለ ይከተላል፤ እሳቸው አይሰሙም ወይም አልሰማ ብለዋል። ልብሳቸው እስከ ጉልበታቸው በጭቃ ርሷል።

ልብስ ቆራጯን መኪናው ውስጥ ተቀምጣ ሲያዩ ሣጥኑ ከእጃቸው ወደቀ።

«ወጣሽ?» አሉ። «ወጣሽ፣ ልጄ?»

መካኒኩ ወደ እሷ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደጄ ላይ ሦስት ጊዜ መጥተው ሦስት ጊዜ ተመለሱ። በመስኮት አየኋቸው። በአራተኛው ገቡና 'ልጄ ታፍናለች፣ እባክህ' አሉኝ። አባትሽ 'እባክህ' ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።»

ያ ቃል ልብስ ቆራጯን እንደ ገመድ ጠለፋት። እንዲህ ያለን ሰው ጥሎ እንዴት ይኬዳል? ክፉ ቢሆኑ፣ ቢያስቸግሯት፣ ቢቆጧት እንኳ መሄዱ ይቀላት ነበር። ስልኩን ኪሷ ልትከት ስትል ለአራተኛ ጊዜ ጮኸ። ሁለቱም ሰዎች ዞረው አዩዋት፤ አባቷ የስልኩን ብርሃን አይተው፣ መካኒኩ ድምፁን ሰምቶ።

አነሣችው።

«አቤት። አዎ፣ እኔ ነኝ። ይቅርታ፣ ስልኬ ጋ መድረስ አልቻልኩም ነበር።» ወዲያ ያለችው ሴት ቸኩላለች፤ አዎ ወይስ አይደለም ትላለች። «አዎ» አለች ልብስ ቆራጯ። «ሰኞ እገኛለሁ።»

«ማነው?» አሉ አባቷ።

«ሥራ ነው» አለች፣ እንደ ሰው ሁሉ በተራ ድምፅ።

«ምን አለች?» ብለው ወደ መካኒኩ ዞሩ።

መካኒኩ የተቀበረ ፈንጂ እንደረገጠ ሰው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «ራሷ ትንገርዎት፣ ጋሼ» ብሎ መፍቻ የሚፈልግ መስሎ አጎነበሰ።

ልብስ ቆራጯ ከመኪናው ወረደች። ጆሯቸው ሥር ቆመች። «አገኘሁ!» አለች።

«ቀዳዳውን አገኘሽው? ጎበዝ! ብያለሁ!»

«ቀዳዳውን አይደለም! ሥራ! ሥራ አገኘሁ! በሌላ ከተማ!»

የፎቋ ጎረቤት የልብስ መቆንጠጫ በአፏ እንደያዘች በረንዳዋ ላይ ብቅ አለች። ሬዲዮው ተዘጋ። ልብስ ቆራጯ አየቻት፤ ግን ከዚህ በኋላ ማቆም አልቻለችም። «ሰኞ እሄዳለሁ! ዘጠኝ ቀን ሙሉ ልነግርዎት ፈልጌ አቃተኝ! ለሁለት ሳምንት ብዬ ነው የመጣሁት፣ አባባ! ታፈንኩ! እወድዎታለሁ፣ ግን ታፈንኩ!» ድምፅዋ መጨረሻው ላይ ተሰነጠቀ። «እወድዎታለሁ»ን እንዲህ ጮሃ ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ እንደ ስድብ ነበር የወጣው።

አባ ፍሬን ከዘራቸውን ጠጠሩ ውስጥ ተከሉ።

«ዘጠኝ ቀን» አሉ። «ዘጠኝ ቀን ምግብ ላይ ሁለት ሁለት ጊዜ ጨው ስትጨምሪ ዝም ብዬ የበላሁት፣ ምላሴም የደነቆረ መስሎሽ ነው?»

«ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?»

ይህን ሰሙት። «መልሱን ፈርቼ ነዋ» አሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጮኹ።

ልብስ ቆራጯ «ሂጂ፣ መርቄሻለሁ» እንዲሏት ጠበቀች። አላሉም። ሄደው የወንበሩን ቅዳጅ አዩ፣ በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ «ምልክት አድርገሻል?» አሉና ወደ ኋላ መስታወቱ ዞሩ።

ከሰዓት በኋላውን ሦስቱም ሠሩ። መካኒኩ የተሰበረውን ቁልፍ በፒንሳ መዘዘና ኮፈኑን ከፈተው። የመስታወቱን ጎማ በካቻቢቴ ቀስ ብሎ ሲያነሣው በግራው ጥግ፣ ልክ ልብስ ቆራጯ በጠመኔ ያመለከተችበት፣ ጎማው እንደ አሮጌ ጫማ ተሰነጣጥቆ፣ ከሥሩ ላሜራው ጥፍር የሚያህል ቦታ ዝጎ ተበልቶ ተገኘ። «ይቺን ታህል ናት?» አለ መካኒኩ። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው አነጡት፣ በቀለም አለበሱት፣ ሲደርቅ ሲሊኮን ሞልተው አዲስ ጎማ አለበሱት። አባ ፍሬን የውሃውን ጎማ ይዘው ቆመው ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ልጃቸውን ሳያዩ፣ «ሂጂ አልልሽም» አሉ። «ከአፌ አይወጣም። ግን በር ላይ አልቆምብሽም።»

ልብስ ቆራጯ ከዚህ የበለጠ እንደማታገኝ ገባት። ደስ አላላትም፤ ቢሆንም ተቀበለችው።

ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አባቷ ወንድሟ ጋ ራሳቸው ደወሉ። «እህትህ ሰኞ ሥራ ትሄዳለች! እስከ እሑድ ና! ከዚያ ታናሽህ ትመጣለች፤ ተራ ትገባላችሁ!» ልብስ ቆራጯ አጠገባቸው ስለነበረች ወንድሟ ከወዲያ ሲንተባተብ፣ ሥራ በዝቷል፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ እሷ አለች አይደል ሲል ሁሉን ሰማች። «አልሰማህም!» አሉ አባ ፍሬን፤ «ብቻ እሑድ ና!» ብለው ዘጉት። ፊታቸውን አየችው። በእርግጥ አልሰሙት ይሁን ሆን ብለው ይሁን ማወቅ አልተቻለም።

ወንድሟ የመጣው ሰኞ ጠዋት ነው፤ አውቶቡሱ ሊነሣ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው፣ ተኮሳትሮ። ቀልድ አልነበረውም። አባቷ እስከ መናኸሪያው አልሸኟትም፤ የግቢው በር ላይ ቆመው እጃቸውን አንሥተው ሳያወዛውዙት አወረዱት። ልብስ ቆራጯ መንገዱን ሙሉ ደረቷ እንዲከፈትላት ጠበቀች። አልተከፈተም። አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር ወርዳ የምትመለስ ይመስላት ነበር።

የተከራየችው ክፍል አንድ መስኮት አለው። የመጀመሪያውን ሳምንት ሁሉ በአባቷ ሰዓት ነቃች፤ ከዘራቸው ወለሉን ሲመታ የምትሰማ እየመሰላት። ክፍል ውስጥ ተማሪዎቿን እንደ አባቷ ስለምትጮህባቸው ከፊት የተቀመጠችው ተማሪ «መምህርት፣ እንሰማዎታለን እኮ» አለቻት። ወንድሟ ደውሎ ሁለት ጊዜ አማረረ፤ ሦስተኛውን ጊዜ አላነሣችለትም።

በሁለተኛው እሑድ ረፋድ ላይ ነቃች። ፀሐይ አልጋዋ ድረስ ገብታ ነበር። ደንግጣ ብድግ አለች፣ ጫማዋን በእግሯ ፈለገች፣ በሩን ልትከፍት እጀታውን ያዘች። የሚጠራት ሰው አልነበረም። ጥቂት እንደዚያው ቆመች። ከዚያ ተመልሳ ተኛች፤ እንቅልፍ ግን ቶሎ አልወሰዳትም።